የውሻዬ ማላዘንና የፈተና ዝግጅቴ የታረቁበት መንገድ

ለሲሲኤንኤ (CCNA) የኮምፒውተር ኔትወርክ ሙያ ፈተና በምዘጋጅበት ወቅት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ጎዳና ላይ የኖረች አንዲት ውሻ ተቀብዬ ወደ ቤቴ አመጣሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን ወዲያውኑ አስከተብኋት። ችግሩ የመጣው ማታ ማታ የጥናት ክፍሌን በር ስዘጋ ነበር፤ በሩን እየቧጨረች ስለምታላዝን የአይፒ አድራሻ (በኔትወርክ ላይ ያለ መሣሪያ መለያ ቁጥር) ክፍፍል ስሌት ላይ ማተኮር አቃተኝ። በመጀመሪያ ተቆጣኋት። ይህ ስሕተት ነበር፤ የምታላዝነው ብቻዋን መቅረት አስፈርቷት ስለነበር ቁጣዬ ፍርሃቷን አባባሰው።

መፍትሔ የሆነኝ ከተዘጋ በር ጋር ቀስ በቀስ ማለማመድ ነው። ለ5 ሰከንድ ብቻ ዘግቼ፣ ማላዘን ሳትጀምር እከፍትላት ነበር፤ ከዚያ ወደ 30 ሰከንድ፣ በኋላም ወደ ደቂቃዎች አሳደግሁት፤ ከተጨነቀች ወደ ቀድሞው አጭር ጊዜ እመለሳለሁ። ከልምምዱ ውጭ ባለው ሰዓት በሩን ክፍት ትቼ አጠገቤ አስተኛት ነበር። ከጥናት በፊት ለ40 ደቂቃ በእግር አንሸራሽራታለሁ፤ ምግቧንም እያሸተተች እንድታወጣ በአሮጌ ፎጣ እጠቀልልላታለሁ።

በ6ኛው ሳምንት የ120 ደቂቃውን ሙሉ የልምምድ ፈተና በሩን ዘግቼ ስሠራ፣ እርሷ ከበሩ ውጭ ምንጣፏ ላይ ተኝታ ነበር።