ናፍጣውን ማታ ሙሉት

ሱሉልታም ሆነ ለገጣፎ፣ ሳይት ላይ በናፍጣ የሚሠራ ብየዳ ማሽን የምታሳድሩ፦ ጠዋት ሞተሩ እየተንተፋተፈ ካስቸገራችሁ፣ ናፍጣውን ጠዋት ሳይሆን ማታ ሥራ ስትጨርሱ ሙሉት።

ግማሽ ባዶ ታንክ ውስጥ አየር አለ፤ አየሩ ደግሞ እርጥበት ይዟል። የኛን አካባቢ ሌሊት ታውቁታላችሁ። ብርዱ ሲመጣ እርጥበቱ የታንኩ ግድግዳ ላይ ላብ ሆኖ ይወርዳል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ ሞተሩም የሚስበው ከታች ነው። ናፍጣ የሚገፋውን ፖምፓና ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ኖዝል የሚያዝገው ይኸው ውሃ ነው።

ጠዋት ከማስነሳታችሁ በፊት ደግሞ፣ ውሃን ከናፍጣ ከሚለየው ማጣሪያ ሥር ያለችውን ብሎን ላላ አድርጋችሁ ትንሽ ናፍጣ ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ አውርዱ። አንድ ደቂቃ አስቀምጣችሁ በብርሃን እዩት። ከሥር ጥርት ያለ ነገር ከተኛ ውሃ ነው። ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ አውርዱና ብሎኗን አጥብቁ። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው አንድ ጣት የሚሆን ውሃ ወጣ። ለካ ጥፋቱን በከንቱ ባትሪው ላይ ሳላክክ ኖሬአለሁ!

ሞተሩ እየሠራ ወይም እንደጋለ፣ ወይም አጠገቡ እየተበየደ ግን ናፍጣ አትሙሉ። እስከ አፉም አትሙሉት፤ ቀን ፀሐይ ሲመታው ናፍጣው ይሰፋል። ሌሊት ሌባ ናፍጣ የሚቀዳበት ሳይት ከሆነ ደግሞ መሙላቱን ተዉት። ጠዋት የምታገኙት ባዶ ታንክ ነው። ማውረዷን ብቻ ያዙ።