ሌላ እንስሳ ላለበት ቤት ውሻ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ውሻ ለማምጣት ያሰበ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያየው መልኩን ነው። ቀጥሎ "ለልጆች ይሆናል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ደግ ጥያቄ ነው። ቤቱ ውስጥ ድመት፣ ጥንቸል፣ ዶሮ ወይም ሌላ ውሻ ካለ ግን አንድ ጥያቄ ይቀድማል፦ ይህ ዝርያ የሚሮጥ ትንሽ እንስሳ ሲያይ ምን እንዲያደርግ ነው በትውልድ ሲመረጥ የኖረው?

ይህን ሳይጠይቁ ውሻ የሚያመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያጣሉ። ወይ ውሻውን ለሌላ ሰው ይሰጣሉ፣ ወይ ነባሩን እንስሳ ይቀብራሉ። ሁለቱም ልብ ይሰብራል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ቀድሞ መከላከል ይቻል ነበር።

1. "ሰው ስለሚወድ እንስሳም አይነካም" ብሎ ማሰብ

ከሁሉም በላይ ጣጣ የሚያመጣው ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳው።

ሳይቤሪያን ሃስኪን እንውሰድ። ከማያውቀው ሰው ጋር እንኳ ቶሎ ይግባባል፤ ለቤት ጥበቃ የማይመረጠውም ለዚህ ነው። ያው ውሻ ዶሮ ወይም ድመት ስትሮጥ ሲያይ ግን ሌላ ፍጥረት ሊሆን ይችላል። ለሰው ያለው ፍቅርና የአደን ስሜቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይገታውም። ዶሮ አንቆ የተገኘ ውሻ ተናዶ ወይም ከፍቶ አይደለም። እሱ በጣም ደስ ብሎታል።

የውሻ አደን ቅደም ተከተል አለው። ያያል፣ ያፈጣል፣ ያደባል፣ ያሳድዳል፣ ይይዛል፣ ይገድላል። ተኩላ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ይሄድበታል። ሰው ግን ውሻን ለሥራ ሲያዳቅል የሚፈልገውን ደረጃ እያጎላ፣ የማይፈልገውን እያደበዘዘ መጥቷል። ቦርደር ኮሊ በጎችን የሚሰበስበው በማፍጠጥ፣ በማድባትና በማሳደድ ነው፤ መንከሱ ነው የተገታው። ጎልደን ሪትሪቨርና ላብራዶር ደግሞ በጥይት የወደቀን ወፍ ሳይጎዱ በአፋቸው ይዘው እንዲመጡ የተመረጡ ናቸው። ግሬይሃውንድ በዓይኑ አይቶ ያሳድዳል። ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚደርስ ሜዳ ላይ ያገኛት ድመት የማምለጥ ዕድሏ ትንሽ ነው። ቴሪየሮች ጉድጓድ ድረስ ገብተው አይጥና ቀበሮ ይጋፈጡ ነበር። ትንሽ እንስሳ አፋቸው ከገባ ነቅነቅ አድርገው ይጨርሱታል። እርስዎ ከወንበርዎ ሳይነሱ ነገሩ ያልቃል።

ዘር ከልጓም ይስባል ይባል የለ? ስልጠና በጣም ይረዳል፤ እኔም አጥብቄ እመክራለሁ። ነገር ግን የሰለጠነ ውሻ የሚታዘዘው ሰው አጠገቡ ሲኖር ነው። ቤት ውስጥ ሰው በሌለባቸው ሰዓታት የሚሠራው ደመ ነፍሱ ነው።

2. በመጠን መምረጥ

"ትንሽ ውሻ ለጥንቸሌ አያሰጋም" የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው አሳስቷል። ለጥንቸል ትንሿ ቴሪየር ግሬት ፒረኒስ ከሚባለው ግዙፍ የመንጋ ጠባቂ ውሻ የባሰች አደጋ ልትሆን ትችላለች። በሌላ በኩል ትልቅ ውሻ ክፋት ሳይኖረው፣ በጨዋታ በሰነዘረው መዳፍ ብቻ የትንሽ እንስሳ አጥንት ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ዝርያው የተዳቀለበትን ሥራ ይዩ፤ ክብደቱን ከዚያ በኋላ ያስቡበት።

3. የመንጋ ጠባቂውንና እረኛውን አንድ ማድረግ

ሁለቱም "የበግ ውሻ" ይባላሉ፤ ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው። እንደ ቦርደር ኮሊ ያለው እረኛ በጎቹን ያንቀሳቅሳል። ሥራ ካጣ ዳክዬውንም፣ ድመቷንም፣ የሚሮጡ ልጆችንም ማሰባሰብ ይጀምራል። ባይነክሳቸው እንኳ ቀኑን ሙሉ የሚፈጠጥባት ድመት መብላት ልታቆም ትችላለች። እንደ ካንጋል፣ ማሬማና ግሬት ፒረኒስ ያሉት ጠባቂዎች ደግሞ ከመንጋው ጋር አብረው ይተኛሉ፣ ከአውሬም ይከላከላሉ። የአደን ስሜታቸው እንዲቀንስ ተደርገው የተዳቀሉ ናቸው።

ታዲያ ጠባቂ ዝርያ ገዝቶ የመጣ ሰው ቡችላውን በማግሥቱ ከጫጩቶች ጋር ይለቀዋል። ቡችላ ቡችላ ነው! ያሳድዳል፣ ይጎትታል፣ ላባ ይነቅላል። እነዚህ ዝርያዎች በስለው የሚታመኑት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ነው። እስከዚያ ድረስ ያለ ሰው ክትትል ከዶሮ ጋር መተው የለባቸውም። ሌሊት በጣም ይጮኻሉ፣ ሰፊ ግቢ ይፈልጋሉ፣ እንግዳ ውሻንም በቀላሉ አይቀበሉም። በግና ፍየል ላለው ቤተሰብ ከእነሱ የተሻለ የለም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከድመት ጋር ለሚኖር ሰው ግን አልመክራቸውም።

4. የዝርያውን ስም አይቶ ውሻውን ራሱን አለማየት

እስካሁን ስለ ዝርያ ካልኩት በኋላ ይሄ የሚጋጭ ሊመስል ይችላል፤ አይጋጭም። በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከ18,000 በላይ ውሾችን የተመለከተ መጠይቅ ይዞ ነበር። በውሾች መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያብራራው በአማካይ 9 ከመቶ ያህሉን ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ ዝርያው ዕድሉን ይጠቁማል እንጂ ፊትዎ የቆመው ውሻ ምን እንደሚያደርግ አይወስንም። ድመት የሚፈራ ቴሪየር አለ፤ ጫጩት የሚያሳድድ ጎልደን ሪትሪቨርም አለ።

ለዚህ ነው እኔ ሌላ እንስሳ ላለበት ቤት ብዙ ጊዜ ከቡችላ ይልቅ ጠባዩ የታወቀ አዋቂ ውሻ የምመርጠው። ቡችላ ሲገዙ የሚገዙት ግምት ነው። ሦስት ዓመት ከድመት ጋር የኖረ ውሻ ግን ማስረጃው በእጁ ነው። የውሻ መጠለያ ሲሄዱ "ከድመት ጋር ኖሮ ያውቃል?" ብለው ይጠይቁ። ካላወቁ በገመድ ታስሮ፣ ራቅ ብሎ፣ ድመት እንዲያይ ያድርጉና ሁኔታውን ይከታተሉ።

የሚከታተሉት ጭራውን አይደለም። ጭራ መወዝወዝ ጓጉቷል ማለት ነው እንጂ ወዳጅነት ብቻ አይደለም። አፉን ይመልከቱ። ተከፍቶ ሲያለከልክ የነበረው አፍ ድንገት ይገጠማል። ጆሮዎቹ ወደ ፊት ይቆማሉ፣ ሰውነቱ ይደርቃል፣ ምናልባት አንድ የፊት እግሩን ያነሳል። ዓይኑን አይነቅልም። ስሙን ሲጠሩት አይሰማም፣ የሚወደውን ምግብ አፍንጫው ሥር ቢያደርጉለትም አያየውም። ይህን ካዩ ለእርስዎ ቤት የሚሆን ውሻ አይደለም። አይቶ፣ አሽትቶ፣ ከዚያ ዞር ብሎ እርስዎን የሚያይ ውሻ ግን ተስፋ አለው።

5. "ከቡችላነቱ አብሮ ካደገ ይለምዳል" ብሎ ማረፍ

እውነትነት አለው። ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት ወሳኝ ጊዜ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ረጋ ያለች ድመት ያየ ቡችላ ትልቅ ጥቅም ያገኛል። ችግሩ ልማዱ ገደብ ያለው መሆኑ ላይ ነው። ብዙ ውሻ "የቤታችን ድመት" የሚለውን ነው የሚማረው፤ የጎረቤቷን አይጨምርም። ሳሎን ውስጥ አብሯት የሚተኛው ውሻ ያቺኑ ድመት ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ሲያያት ሊያሳድዳት ይችላል። የአደን ስሜቱም ገና በስድስት ወሩ፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ነው በደንብ የሚወጣው። አራት ወር ሙሉ ምንም ስላልተፈጠረ ብቻ ጥንቃቄውን አይተዉት።

6. ነባሩን እንስሳ መርሳት

ሁሉም ሰው ስለ ውሻው ጠባይ ያወራል። ድመቷስ? አሥራ አራት ዓመቷ፣ መገጣጠሚያዋ የሚያማት ከሆነ እረፍት የማያውቅ ቡችላ ቅጣት ይሆንባታል። ወጣት ብትሆንም ውሻ የማይደርስበት ከፍ ያለ መቀመጫ፣ ሰላም ያለው መመገቢያና የመጸዳጃ አሸዋ ያስፈልጋታል።

ጥንቸልን በተመለከተ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ጥንቸል እንድትታመም መነከስ የለባትም። ጭንቀት ብቻውን አንጀቷ ሥራ እንዲያቆም ሊያደርግ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ቶሎ ካልታከመ ይገድላል። ቤቷን እየዞረ የሚያሸት ውሻ፣ ሽቦው ጠንካራ ቢሆንም፣ ለእሷ አዳኝ ነው።

ውሻ ካለዎት ደግሞ ፆታውን ያስቡበት። ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ውሾች፣ በተለይ ሁለት ሴቶች፣ አንዴ ከተጣሉ ጠባቸው ሊከር ይችላል። ብዙ ጊዜ ወንድና ሴት፣ ሁለቱም የመከኑ፣ ይሻላሉ።

7. መድኃኒቱን አለማሰብ

ዝርያ ሲመረጥ ስለ መድኃኒት የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው፤ መነሳት ግን አለበት። ኮሊና አውስትራሊያን ሸፐርድ ውስጥ ኤምዲአር1 በሚባለው ጂን ላይ የሚገኝ ለውጥ የተለመደ ነው። ይህ ለውጥ ያለበትን ውሻ፣ ለበጎችና ለፈረሶች ለጥገኛ ትላትል የሚሰጠው አይቨርሜክቲን የተባለ መድኃኒት አንጎሉን ሊመርዘው ይችላል። ከፈረሱ አፍ የወደቀውን መላሱ፣ መድኃኒት የወሰደ ፈረስ ፋንድያ መብላቱም ይበቃል። ከብት እያረቡ እነዚህን ዝርያዎች ከፈለጉ አስቀድመው የጂን ምርመራ ያስደርጉ።

ድመት ላለው ሰውም ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለውሻ የሚደረጉ አንዳንድ የቁንጫና የመዥገር መድኃኒቶች ፐርሜትሪን የሚባል ነፍሳት ገዳይ አላቸው። ፐርሜትሪን ድመትን ይገድላል። ጀርባው ላይ ፈሰስ የተደረገለት ውሻ አጠገብ ተኝታ ወይም ልሳው ልትመረዝ ትችላለች። የእንስሳት ሐኪምዎ ድመት እንዳለዎት ይወቅ።

8. በመጀመሪያው ቀን ማገናኘት

ውሻው እንደመጣ ሁሉም ሰው ሳሎን ተሰብስቦ "እስቲ ይተዋወቁ" ይባላል። ድመቷ ትሮጣለች፣ ውሻው ይከተላል፣ የመጀመሪያው ትምህርት ማሳደድ ይሆናል። ይህን አያድርጉ። መጀመሪያ ጨርቅ እየተለዋወጡ ሽታ ያላምዱ። ከዚያ በተዘጋ በር ግራና ቀኝ ይመግቧቸው። ቀጥሎ ውሻው በገመድ ሆኖ ለአጭር ጊዜ ይተያዩ። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ምንም አይደል።

ከጥንቸል፣ ከሃምስተርና ከወፍ ጋር ግን ልኩ ሌላ ነው። የትኛውም ዝርያ ቢሆን፣ ምንም ያህል ቢረጋጋ፣ ከእነሱ ጋር ብቻውን አይተዉት። ቁልፍ ያለው በር ያለውን ክፍል ለእነሱ ይስጡ፤ ልጆችም ውሻው ከመምጣቱ በፊት በሩን መዝጋት ይልመዱ።