ኢሜሉ ሳይመጣ ሥራ የለም፦ ካናዳ ውስጥ የትዳር ስፖንሰር ለምትጠብቁ

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ቶሮንቶ ከገባች ሁለት ወሯ ነው። «ፕሮሰሴ ገብቷል፤ ሰኞ ሥራ ልጀምር ነው» አለችኝ በደስታ። አንድ ሀበሻ ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ፣ በካሽ። «ቆይ፣ ማን ፈቀደልሽ?» አልኳት። «ባሌ አመልክቶልኝ የለ?» አለች።

አልፈረድኩባትም። እኔም እንደዚያው ነበር የሚመስለኝ። በ2023 መጨረሻ በቪዚተር ቪዛ መጣሁ። ባለቤቴ ፒአር (ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ) ስለነበረው እዚሁ እያለሁ ስፖንሰር አደረገኝ፤ እኔም ፒአር እንዳገኝ አመለከተልኝ ማለት ነው። ማመልከቻው የገባ ቀን ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝ። ለካስ ማመልከቻ ማስገባት ብቻውን ምንም አይፈቅድም። የሚፈቅዱት በኢሜል የሚመጡት ደብዳቤዎች ናቸው። አንዱ ለሥራ ፈቃድ ያበቃል፣ ሌላው ለነፃ ትምህርት። የትኛው ለምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ወይ ያለፈቃድ ትሠራላችሁ፣ ወይ የተፈቀደላችሁን ሳታውቁ ቤት ትቀመጣላችሁ።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ኤኦአር ይባላል። ማመልከቻችሁ ተሟልቶ መድረሱን የሚገልጽ ነው። አንድ ወረቀት ከጎደለ ፋይሉ ይመለሳል፤ ኤኦአርም የለም፣ የሥራ ፈቃድም የለም። ስለዚህ የሥራው ጉዳይ የሚጀምረው ከማመልከቻው ጥራት ነው። የእኛ የጋብቻ ማስረጃ ላይ ጥር 2014 ይላል፣ በእኛ አቆጣጠር። አስተርጓሚው ዓመቱን ሳይቀይር እንዳለ በእንግሊዝኛ አስቀመጠው። ባለቤቴ ባያየው ኖሮ ሳንተዋወቅ ስምንት ዓመት ቀድመን የተጋባን ሰዎች ልንሆን ነበር። የአማርኛ ሰነዳችሁን ትርጉም በየቀኑና በየስሙ ፊደል አመሳክሩ። እናት ልጇ ላይ ቅማል እንደምትፈልግ ፈልጉ።

ኤኦአሩ ሲመጣ ኦፕን ወርክ ፐርሚት፣ ማለትም በአንድ አሠሪ ያልታሰረ የሥራ ፈቃድ፣ ማመልከት ትችላላችሁ። በኦንላይን ነው የሚሞላው፤ ፎርሙ አይኤምኤም 5710 ይባላል። ክፍያው 155 ዶላር ለፈቃዱ፣ 100 ዶላር ደግሞ «ኦፕን» ለመሆኑ፣ በድምሩ 255 ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ዋጋውን ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ላይ አረጋግጡ። ኤኦአሩን አብራችሁ ጫኑ። ከስፖንሰራችሁ ጋር በአንድ አድራሻ መኖር ግድ ነው። ከሜይ 2023 ወዲህ ይህ መብት በ«ውጭ» መስመር፣ ማለትም ከካናዳ ውጭ ላሉ የትዳር ጓደኞች በተዘጋጀው የማመልከቻ ዓይነት፣ ላመለከቱም ተከፍቷል፤ ግን ካናዳ ውስጥ ከትዳር ጓደኛቸው ጋር እየኖሩ ከሆነ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ለሚጠብቅ ሰው አይሠራም።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነገር አለ። ቪዚተር ሆናችሁ ስትገቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣችሁ ስድስት ወር ነው። የስፖንሰር ማመልከቻው ይህን ስድስት ወር አያራዝምም! ቀኑ ሳያልፍ ወይ የቪዚተር ጊዜ ማራዘሚያ ወይ የሥራ ፈቃዱን ማመልከቻ ማስገባት አለባችሁ። በጊዜ ካስገባችሁ ውሳኔ እስኪመጣ በነበራችሁበት ሁኔታ ትቆያላችሁ። በነበራችሁበት ማለት እንደ ቪዚተር፤ መቆየት እንጂ መሥራት አይደለም። ቀድሞ የሥራ ፈቃድ የነበረው ሰው ግን ከማለቁ በፊት ለማደስ ካመለከተ በዚያው ሁኔታ መሥራቱን ይቀጥላል። ቀኑ ካለፈባችሁ ደግሞ ሁኔታችሁን ለማስመለስ 90 ቀን አላችሁ። ያኔ ክፍያውም ጭንቀቱም ይጨምራል። እኔ ቀኑን ፍሪጁ ላይ በቀይ ለጥፌው ነበር።

ፐርሚቱ ሲመጣ የምትዘሉት ነገር እንዳይኖር ሙሉውን አንብቡ። እኔ ስሜንና ቀኑን አይቼ እልል አልኩ። አንድ የሕፃናት ማቆያ ሥራ ተነጋግሬ ጨርሼ ነበር። አለቃዋ ወረቀቴን አየችና ከታች ያለችውን ትንሽ መስመር በጣቷ አሳየችኝ። በሕፃናት ማቆያ፣ በትምህርት ቤትና በጤና ሥራ መሰማራት አይፈቀድም ትላለች። የጤና ምርመራ ሳያደርግ ፈቃድ ያገኘ ሰው ላይ የሚቀመጥ ገደብ ነው። አረጋውያንን ለመንከባከብ የምታስቡ እህቶች፣ ይህ በቀጥታ እናንተን ይመለከታል። ኢሚግሬሽን በዝርዝሩ ያስቀመጠው ሐኪም ዘንድ ምርመራውን አድርጎ ገደቡ እንዲነሳ እንደገና ማመልከት ይቻላል። እኔ ሦስት ወር ዘገየሁ፤ ያችን ቦታ ሌላ ሰው ያዘው።

ከዚያ ሲን ቁጥር፣ ለመሥራት የሚያስፈልገው የመለያ ቁጥር። ሰርቪስ ካናዳ የሚባለው የመንግሥት ቢሮ ፓስፖርትና ፐርሚት ይዞ መሄድ ነው፤ በነፃ ነው። «ሃምሳ ዶላር ስጪኝና ላውጣልሽ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ተሰናበቱት። ቁጥሩ በ9 ይጀምራል፤ ጊዜያዊ ነዋሪ ናችሁ ማለት ነው። ፐርሚቱ ሲያበቃ እሱም ያበቃል። ፒአር ስትሆኑ አዲስ ቁጥር ታወጣላችሁ።

አሁን ስለ ደመወዝ። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬ ምግብ ቤት ነበር፤ ስሙ ይቅር። «ሁለት ቅዳሜ እንይሽ» አሉኝ። አየሁ፣ ታየሁ፣ ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ሳህን አጠብኩ። ወር ሲደርስ ሁለቱ ቅዳሜዎች ክፍያ ውስጥ የሉም። «እሱማ ሙከራ ነበር፤ እኛም ሀበሾች ነን፣ እንተዛዘን እንጂ» ተባልኩ። ቶሮንቶ ባለችበት ክፍለ ሀገር፣ በኦንታሪዮ ሕግ፣ አሠሪው ያዘዘው ሥልጠናም የሥራ ሰዓት ነው፤ ይከፈላል። የሠራሁባቸውን ሰዓታት በትንሽ ደብተር ጽፌ ስለነበር ደብተሬን አወጣሁ። ለሥራ ሚኒስቴር ማመልከት እንደሚቻል ስናገር ሒሳቡ በዚያው ሳምንት መጣ። ሰዓት መጻፍን የመሰለ ነገር የለም።

የኦንታሪዮ ዝቅተኛ ደመወዝ ከኦክቶበር 1, 2025 ጀምሮ በሰዓት 17 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው። በሳምንት ከ44 ሰዓት በላይ ለሠራችሁት አብዛኛው ሥራ ላይ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ሥራ ላይ ብትጎዱ ሁኔታችሁ ጊዜያዊ መሆኑ መብታችሁን አያስቀርም። ሌላው ክፍለ ሀገር የራሱ ቁጥር አለው፤ ኩቤክ ደግሞ በቋንቋውም በሌላውም የራሱ ዓለም ነው።

ጤና መድኅንን በአጭሩ ልለፈው። ኦሂፕ የሚባለውን የኦንታሪዮ ጤና መድኅን ለማውጣት፣ ለፒአር መስፈርቱን ማሟላታችሁን የሚያረጋግጥ የኢሚግሬሽን ደብዳቤ ይዛችሁ ሰርቪስ ኦንታሪዮ ወደሚባለው የክፍለ ሀገሩ ቢሮ ሂዱ። ያው ደብዳቤ ከታች ለትምህርቱም ይፈለጋል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። «ብትናገሪ አስመልስሻለሁ» የሚል ባል አለ። ፒአር ከሆናችሁ በኋላ ስፖንሰርነቱን መሰረዝ አይችልም። ድሮ የነበረው ሁለት ዓመት አብሮ የመኖር ግዴታም በኤፕሪል 2017 ቀርቷል። ፒአር ሳይመጣ በፊት ማመልከቻውን ሊያነሳ ይችላል፤ እውነት ነው። ግን ከ2019 ወዲህ የቤት ውስጥ ጥቃት ለደረሰባቸው ልዩ ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ አለ። ለእሱ ክፍያ የለም፤ የሥራ ፈቃድም ሊገኝበት ይችላል። ኦንታሪዮ ውስጥ 211 ብትደውሉ እርዳታ የሚሰጡ ቦታዎችን ይነግሯችኋል። አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል።

ወደ ቋንቋው ልምጣ። ሊንክ የሚባለው ነፃ የእንግሊዝኛ ትምህርት በፌደራል መንግሥት ገንዘብ ነው የሚሰጠው። ኤኦአር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ አይቀበሏችሁም። እኔ በበረዶ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ሄጄ ተመለስኩ። ትምህርቱ ለፒአር፣ ጥገኝነት ለተፈቀደላቸው እና ፒአር እንዲሆኑ መመረጣቸውን ኢሚግሬሽን በደብዳቤ ላሳወቃቸው ሰዎች ነው። ለእኛ ያ ደብዳቤ ብዙ ሰው ኤአይፒ የሚለው፣ የመጀመሪያው ደረጃ ማጽደቂያ ነው። ፒአር ካርዱን አትጠብቁ! ደብዳቤውን አትማችሁ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የደረጃ ፈተና ትፈተናላችሁ፤ ቶሮንቶ ውስጥ ዋይኤምሲኤ የሚባል ድርጅት ይፈትናል። ልጅ ያላችሁ ስትመዘገቡ የሕፃናት ማቆያ ያለው ትምህርት ቤት የቱ እንደሆነ ጠይቁ፤ ሁሉም ጋ የለም።

ደብዳቤው እስኪመጣስ? ቪዚተር ስድስት ወርና ከዚያ በታች የሆነ ኮርስ ያለ ተማሪ ፈቃድ መማር ይችላል፤ ከፍሎ ማለት ነው። የስኩል ቦርዶች (የአካባቢ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድሩ) የኢኤስኤል፣ ማለትም እንግሊዝኛ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚሰጥባቸው፣ ክፍሎችም አሉ፤ ያላችሁን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱና ጠይቁ፤ አንዱ የከለከለውን ሌላው በክፍያ ሊቀበል ይችላል። እኔን ያወጣኝ ግን የቶሮንቶ ፐብሊክ ላይብረሪ ነው። የእንግሊዝኛ መጨዋወቻ ክበብ አላቸው፤ ነፃ ነው። ከአንዲት ቻይናዊት አያትና ከአንድ ኮሎምቢያዊ ጋር ስለ አየር ሁኔታ ስናወራ ከረምን። እንግሊዝኛዬ የተፈታው እዚያ ነው፤ ሰዋስው አዲስ አበባም ተምሬ ነበር፣ አፍ ነው የጎደለኝ።

ሊንክ ስትገቡ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ዜግነት ካገኛችሁ በኋላ ሊንክ አይቀበላችሁም፤ ስለዚህ «በኋላ እማራለሁ» አትበሉ። ሁለተኛ፣ በማዳመጥና በመናገር ደረጃ 4 ስትደርሱ የሚሰጣችሁን ሰርተፊኬት እንዳትጥሉት። ከ18 እስከ 54 ዓመት ያለ ሰው ለዜግነት ሲያመለክት የቋንቋ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ያቺ ወረቀት ትበቃለች፣ ሌላ ፈተና መክፈል አያስፈልግም። የእኔ ከጋብቻ ማስረጃችን ጋር በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ ናት።

የአክስቴ ልጅ ለሰውዬው ደውላ «ፈቃዴ ሲመጣ» ብላዋለች። ትንሽ ከፍቷታል፤ ገንዘቡ ያስፈልጋታል። የቪዛዋን ቀን ግን ፍሪጇ ላይ ለጥፋለች፤ ፎቶ ላከችልኝ። ሐሙስ ላይብረሪ አብረን እንሄዳለን።