ቆረጣው ቀጥ ብሎ ማዕዘኑ እምቢ ሲል፦ ችግሩ ከትራክ ሶው ነው ከጠረጴዛው?

ድሬ ላይ ቁም ሳጥንና የኪችን ካቢኔት የሚሠራ ልጅ ትራክ ሶው፣ ማለትም በአልሙኒየም ሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ የሚቆርጥ የእጅ መጋዝ ሲገዛ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ከእንግዲህ ማዕዘን አያስቸግረኝም። ማሽኑ ቀጥ አድርጎ እንደሚቆርጥ እውነት ነው። ቀጥ ማለትና 90 ዲግሪ ማለት ግን ለየቅል ናቸው። ሐዲዱ ሥራው መስመሩ እንዳይንጋደድ መጠበቅ ነው፣ መስመሩ ከሌላው ጠርዝ ጋር ስንት ዲግሪ እንደሚሠራ እሱ ምን አገባው? ያ የጠረጴዛው፣ የማስጠጊያውና የእስኳድራህ (የ90 ዲግሪ መለኪያህ) ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ቁራጩ ሲጣመም ካቻቢቴ ይዘህ ማሽኑ ላይ አትዝመት። አቦ ተረጋጋ! ፋብሪካ ያስተካከለውን ብሎን ከነካካህ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ የቱ የቱን እንዳመጣ አታውቅም። መጀመሪያ ምልክቱን እይ።

ማስጠጊያ የምለው ጠረጴዛው ላይ በብሎን የታሰረውን፣ ቦርዱን የምታስደግፍበትን ቀጥ ያለ አልሙኒየም ወይም ቱቦላሬ ነው። አቀማመጡ ደግሞ እንዲህ ነው እንበል፦ ማስጠጊያው ከአንተ ራቅ ብሎ በወዲያኛው በኩል፣ ሐዲዱ ከሱ ወደ አንተ የሚመጣ፣ የምትፈልገው ቁራጭ በግራ በኩል ከሐዲዱ ሥር።

ምልክት፦ መስመሩ ቀጥ ነው፣ ማዕዘኑ ግን 90 አይደለም

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፣ መመርመር ያለባቸውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ እስኳድራው። ገበያ ላይ ያለ እስኳድራ ሁሉ እስኳድራ አይደለም፣ አንዴ ከጠረጴዛ የወደቀ ደግሞ ጭራሽ አይታመንም። ቀጥ ያለ የቦርድ ጠርዝ ላይ አስደግፈህ በተቀረጸ እርሳስ መስመር አስምር፣ ከዚያ እስኳድራውን ገልብጠህ ከዚያው ነጥብ ላይ ሌላ አስምር። ሁለቱ መስመሮች ከተደራረቡ ጥሩ ነው። ወደ ላይ እየተራራቁ ከሄዱ መሀላቸው ያለው ክፍተት የስህተቱ እጥፍ ነው። 1 ሚሊ ከተከፈተ እስኳድራህ ግማሽ ሚሊ ይዋሻል ማለት ነው።

ሁለተኛ የቦርዱ ጠርዝ። 244 በ122 የሆነው ኤምዲኤፍ ከፋብሪካ ሲወጣ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ግን አይሱዙ ላይ ተጭኖ ስንት ቦታ ተወርውሮ ነው ሱቅ የደረሰው። ጥጉ የተፈረከሰ ወይም ያበጠ ጠርዝ ማስጠጊያው ላይ ሲያርፍ ቦርዱ በዚያች በትንሿ እብጠት ላይ ይቆማል። ረጅሙን ጎን መጀመሪያ በሐዲዱ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ላጠው፣ ከዚያ ያንን አዲሱን ጠርዝ መነሻ አድርግ። ብዙ ሰው ይቺን ቆረጣ እንደ ብክነት ያያታል። እኔ ግን ሳልልጥ የምጀምረው ሥራ የለም።

ሦስተኛውና ዋናው ማስጠጊያው ራሱ ነው። እዚህ ላይ በእስኳድራ እያስጠጉ ማየት ለመጀመሪያ ግምት እንጂ ለፍርድ አይበቃም፣ ምክንያቱም 30 ሳንቲ የማይሞላ እስኳድራ ላይ በዓይን የማይታይ ስህተት 120 ሳንቲ ላይ ሲደርስ በር አላዘጋ ይላል። የሚያዋጣው አምስት ቆረጣ ነው።

እንዲህ ታደርጋለህ። ከ50 እስከ 60 ሳንቲ የሚሆን አራት ማዕዘን ትርፍ ኤምዲኤፍ ውሰድ። አንዱን ጎን ማስጠጊያው ላይ አስደግፈህ ሌላውን ቁረጥ። አሁን የቆረጥከውን ጠርዝ አዙረህ ማስጠጊያው ላይ አድርግና ቀጣዩን ቁረጥ። እንደገና አዙር፣ እንደገና ቁረጥ። አራቱም ጎን ካለቀ በኋላ አምስተኛውን መጀመሪያ የቆረጥከው ጎን ላይ ትደግማለህ፣ አሁን ግን 2 ሳንቲ ገደማ የሚወፍር ቀጭን ዘንግ እንዲወጣ አድርገህ። ዘንጉ ሳይወድቅ በፊት የትኛው ጫፍ ማስጠጊያው ጋ እንደነበር በእርሳስ ምልክት አድርግበት፣ ይሄን ከረሳህ ልፋትህ ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ የሁለቱን ጫፎች ስፋት በካሊፐር ለካ።

አንዱ ጫፍ 20.8 ሚሊ፣ ሌላው 20 ሚሊ ወጣ እንበል። ልዩነቱ 0.8 ነው። ስህተቱ በየዙሩ እየተጠራቀመ አራት እጥፍ ሆኖ ስለሚመጣ ለ4 ታካፍላለህ፣ 0.2 ሚሊ ይሆናል። ዘንጉ 50 ሳንቲ ከሆነ ጠረጴዛህ በ50 ሳንቲ 0.2 ሚሊ ይስታል ማለት ነው። የዚህ ዘዴ ውበቱ ይሄ ነው፤ በዓይን የማይታየውን ስህተት ራሱ ቦርዱ አጉልቶ ያሳይሃል፣ እስኳድራም አያስፈልገው።

ወዴት ነው የማስተካክለው ትለኛለህ። ዘንጉ ማስጠጊያው ጋ በነበረው ጫፍ ከወፈረ፣ ሐዲዱ ሥር ያለው ማዕዘን ከ90 በልጧል። ስለዚህ የማስጠጊያውን የግራ ጫፍ ወደ ራስህ ትስበዋለህ። እዚያ ጫፍ ከቀጠነ ማዕዘኑ አንሷል፣ ከራስህ ታርቀዋለህ። በስንት? ከሐዲዱ አጠገብ ካለው ብሎን እስከ ግራው ጫፍ 75 ሳንቲ ከሆነ 0.2 የነበረው 0.3 ይሆናል። 0.3 ሚሊን ደግሞ በእጅ ገፋ አድርጎ ማግኘት ዘበት ነው። ተራ የፎቶኮፒ ወረቀት፣ 80 ግራም የሚባለው፣ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ገደማ ነው። ማስጠጊያውን ወደ ራስህ መሳብ ከፈለግህ በግራው ጫፍ፣ በአንተ በኩል አንድ የእንጨት ቁራጭ አስጠግተህ በመሀላቸው ሦስት ወረቀት አድርግ፣ እንጨቱን በሞርሴቶ ጠረጴዛው ላይ እሰረው። አሁን ወረቀቶቹን አውጣ፣ የማስጠጊያውን ብሎን አላላ፣ እንጨቱን እስኪነካ ሳበው፣ አጥብቅ። ማራቅ ከሆነ እንጨቱን ከጀርባ በኩል ታስራለህ። የባጃጅ ሜካኒክ ጎረቤት ካለህ የቫልቭ ክፍተት የሚለካባቸው ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ከወረቀት የተሻሉ ናቸው፣ ለአስር ደቂቃ ተዋሰው።

ከዚያ አምስቱን ቆረጣ ድገም። በጫፎቹ መሀል ያለው ልዩነት 0.2 እና ከዚያ በታች ከሆነ ለካቢኔት ከበቂ በላይ ነው፣ ሂድ ሥራህን ሥራ።

ጠረጴዛህ ባለ ቀዳዳ ከሆነ፣ ማለትም 20 ሚሊ ቀዳዳዎች በ96 ሚሊ ርቀት የተደረደሩበት የፌስቱል ዓይነት ከሆነ፣ ማዕዘኑ የሚመጣው ከቀዳዳዎቹ ነው። በሲኤንሲ (በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን) የተበሳ ከሆነ እሰየው። በእጅ ትራፓን የተበሳ ከሆነ ግን የቀዳዳዎቹን ነገር ተወውና ተስተካካይ ማስጠጊያ እሰርበት። ኤምዲኤፍ ላይ ያለ ቀዳዳ ብዙ ከሠራ አፉ ይሰፋል፣ የሚሰካውም ዘንግ ይነቃነቃል።

ምልክት፦ ጥሩ ይጀምርና መጨረሻ ላይ ይሸሻል

ሐዲዱ ላይ ያለ ነገር ነው። ማሽኑን ሐዲዱ ላይ አስቀምጠህ ሳታበራ ግራና ቀኝ ወዝውዘው። ከተንቀሳቀሰ የመሠረቱ ማስተካከያ ቁልፎች ላልተዋል፣ ሳይጨናነቅ የሚንሸራተትበት ግን የማይወዛወዝበት ልክ ላይ አጥብቃቸው። ይሄ የተፈቀደ ማስተካከያ ስለሆነ አትፍራ።

ሌላው ደግሞ የድሬ አሸዋ ነው። ነፋስ ከደቻቱ ወንዝ በኩል ሲነሳ ወርክሾፕ በር ክፍት ከሆነ ሐዲዱም ጠረጴዛውም ደቃቅ አሸዋ ይለብሳሉ። አንዲት ፍሬ አሸዋ ወይም የሰጋቱራ ቁንጣሪ በማስጠጊያውና በቦርዱ መሀል ከገባች ያንን ሁሉ የወረቀት ልፋት ታበላሸዋለች። የማስጠጊያውን የታችኛውን ጠርዝ በመጋዝ ትንሽ ብትሸርፈው ወይም 2 ሚሊ ከፍ አድርገህ ብታስረው ሰጋቱራው የሚገባበት ቦታ ያገኛል፣ ቦርዱን አይገፋም። ከእያንዳንዱ ቆረጣ በፊት በብሩሽ ጠረግ ማድረግን እጅህ ይልመደው።

ሁለት አጫጭር ሐዲድ ቀጥለህ የምትሠራ ከሆነ መጋጠሚያውን ተጠራጠር። ረጅም ውሃ ልክ ወይም ቀጥ ያለ ቱቦላሬ ጎኑ ላይ አስደግፈህ ነው ማጥበቅ ያለብህ። 122 ሳንቲ ለመቁረጥ ግን 1.4 ሜትሩ ሐዲድ ብቻውን ይበቃል፣ አትቀጥል። ሐዲዱ ቦርዱን በሁለቱም በኩል አልፎ ይውጣ፣ ማሽኑ እንጨት ከመንካቱ በፊት ሙሉ ለሙሉ ሐዲዱ ላይ እንዲቀመጥ።

ምልክት፦ ከላይ ሲለካ ልክ ነው፣ ጠርዙ ግን ሰያፍ ነው

ሁለት ቁራጭ ስታጋጥም ከላይ ተገናኝተው ከታች ከተከፈቱ ዲስኩ ቀጥ ብሎ አልቆመም። ማሽኑን ከመክሰስህ በፊት ግን ቦርዱ ጠፍጣፋ ነው? ጠባብ ቁራጭ ላይ ሐዲድ ስታስቀምጥ ግማሹ አየር ላይ ነው የሚቀረው፣ ማሽኑ ሲጫነው ያጋድላል። ከሐዲዱ ሥር ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ደጋፊ ቁራጭ አድርግና እንደገና ሞክር። አሁንም ሰያፍ ከሆነ፣ ያኔ ብቻ፣ ሶኬቱን ነቅለህ፣ ዲስኩን ወደ ታች አውርደህ፣ እስኳድራውን መሠረቱ ላይ አድርገህ፣ ጥርሱን ሳይነካ ከዲስኩ አካል ጋር አስጠግተህ የዜሮ ዲግሪ ማቆሚያውን ብሎን አስተካክል። ጥርሱ ከዲስኩ አካል ስለሚወፍር እስኳድራው ጥርስ ላይ ካረፈ ንባቡ ሁሉ ውሸት ነው፤ በጥርሶቹ መሀል የዲስኩ ሜዳ ላይ ይረፍ።

ምልክት፦ ጠርዙ ይጠቁራል፣ ይፈረካከሳል

ጥቁረቱ ብዙ ጊዜ ከደነዘዘ ወይም ሙጫ ከያዘ ዲስክ ነው። ኃይል ሲያንስም ይመጣል፤ ማሽኑ ሲያቃስት በዝግታ ስለምትገፋው ዲስኩ እንጨቱን ያሻዋል። ረጅም ቀጭን ማራዘሚያ አውልቅና በ2.5 ካሬ ሚሊ ሽቦ የተሠራ ተጠቀም። ዲስኩን ካጠራህ፣ ኤሌክትሪኩም ደህና ሆኖ፣ የሚጠቁረው አንዱ ጎን ብቻ ከሆነ ግን የዲስኩ የኋላ ጥርሶች ተመልሰው እየነኩት ነው፣ ያ የማሽኑ አሰላለፍ ስለሆነ መጽሐፉን ከፍተህ ሥራ።

ፍርክስክሱን በተመለከተ፣ ዲስኩ ከታች ወደ ላይ ስለሚቆርጥ የሚፈረካከሰው የላይኛው ፊት ነው። ሐዲዱ ጠርዝ ላይ ያለችው ጥቁር ላስቲክ ናት ፊቱን ተጭና የምትይዘው። ከተበላች ወይም ሙጫዋ በሙቀት ለቆ ከተነሳች ቀይራት። የዲስኩን ጥልቀት ደግሞ ከቦርዱ በታች 2 ወይም 3 ሚሊ ብቻ እንዲወጣ አድርግ። ጥልቀቱን ስትሞላ 5 ሚሊ ገደማ የሚሆነውን የሐዲዱን ውፍረት መደመር አትርሳ።

በነገራችን ላይ እኛ አገር ለሁሉም ነገር ሙቀቱን መክሰስ ልማድ ነው። 1.4 ሜትር የአልሙኒየም ሐዲድ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢጨምር የሚረዝመው 0.6 ሚሊ ገደማ ነው፣ እሱም በርዝመቱ እንጂ በማዕዘኑ አይደለም። ሙቀት የሚያጠፋው ቦርዱን ነው። ግድግዳ ላይ ተደግፎ የከሰዓት ፀሐይ አንዱን ፊቱን የመታው ቦርድ ቀስት ይሆናል፣ እሱን ደግሞ የትኛውም ማሽን ቀጥ አያደርገውም። አጋድመህ አስቀምጥ።

ምልክት፦ ሁሉም ልክ ነው፣ ቤት ሲገባ አይገጥምም

ይሄን ሐረር ጀጎል ውስጥ ሥራ የሚወስድ ሁሉ ያውቀዋል። የድሮዎቹ ቤቶች ወፋፍራም የድንጋይ ግድግዳ ናቸው፣ ሲለሰኑ ሲቀቡ የኖሩ፣ ጥጋቸው ክብ ክብ ያለ። ሳጥንህን አስገብተህ አንዱ ጎን ግድግዳውን ሲነካ ሌላው ሁለት ጣት ሲርቅ ማሽኑን አትስደብ። የሳጥኑን ሁለት ዲያጎናል (ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ) ለካ። ተቃራኒ ጎኖቹ እኩል ሆነው ዲያጎናሎቹም እኩል ከሆኑ ሳጥኑ ንጹሕ ነው፣ የተጣመመው ግድግዳው ነው።

መፍትሄው ሳጥኑን ከግድግዳው ጋር ማጣመም አይደለም፣ እንደዚያ ካደረግህ በሮቹ አይዘጉም። ሳጥኑን በውሃ ልክ አቁመው፣ ከግድግዳው ጋር ያለውን ክፍተት ለመሸፈን 5 ወይም 6 ሳንቲ የሚሆን የማካካሻ ቁራጭ ተው። ቁራጩን በቦታው ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ በቁራጩና በግድግዳው መሀል ካለው ክፍተት ሰፊ ቦታ ጋር እኩል የሆነ ትንሽ እንጨት ከእርሳስ ጋር ይዘህ ግድግዳውን እየተከተልክ ከላይ እስከ ታች አስምር፣ መስመሩን በጂግሶ ቁረጥና በብርጭቆ ወረቀት አስተካክል። ይሄን በትራክ ሶው አትሞክረው።