ፊልዱ ባዶ፣ ብሎኩ ጠፊ፦ የዎርድፕሬስ ቴም ችግርና መፍትሄ

ደንበኛው ስለ አንድ ፊልድ (ከፖስቱ ጋር ስለሚሞላ ተጨማሪ መረጃ) «ዋጋውን ሞልቼዋለሁ፣ ገጹ ላይ ግን የለም» ሲል ብዙዎቻችን በቀጥታ ወደ ቴም ፋይሉ (የሳይቱን መልክ ወደሚወስነው ኮድ) እንሮጣለን። መጀመሪያ መለየት ያለበት ግን መረጃው አልተቀመጠም ወይስ ተቀምጦ አልታየም የሚለው ነው። ፒኤችፒማይአድሚን (የዳታቤዝ ማያ መሣሪያ) ከፍታችሁ የፊልዶቹ ዋጋ የሚቀመጥበትን የፖስት ሜታ ሰንጠረዥ በፖስቱ አይዲ ፈልጉ። ረድፉ ከሌለ ጥፋቱ በሚያስቀምጠው ኮድ ላይ ነው፤ ካለ በሚያነበው ላይ። ይህን ሳይለዩ ካሽ ማጽዳትና ፕለጊን ማጥፋት ጊዜ ማባከን ነው።

ረድፉ ነበረ፣ አሁን የለም

አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂው «ሴቭ ፖስት» ሁክ (ፖስት ሲቀመጥ ኮድ የሚያስነሳ መንጠቆ) ላይ የሰቀልነው የራሳችን ፋንክሽን ነው። ሁኩ ከፖስቶች ዝርዝር ላይ ፈጥኖ በሚታረምበት በ«ኩዊክ ኤዲት»ም ይነሳል፤ እዚያ ፎርም ላይ ደግሞ የእናንተ ፊልድ የለም። ኮዳችሁ «ካልመጣ ሰርዝ» የሚል ከሆነ፣ ርዕስ ላይ አንድ ፊደል ያረመ ሰው ሳያውቀው ዋጋውን ያጠፋል። ኖንሳችሁ (ጥያቄው ከራሳችሁ ፎርም መምጣቱን የሚያረጋግጠው ምስጢራዊ ኮድ) ከፎርሙ ጋር ካልመጣ ፋንክሽኑ ምንም ሳይነካ ይውጣ።

የሌላ ፖስት ዋጋ ይወጣል

በቴም ፋይሉ ውስጥ ከላይ የሆነ ቦታ «ተዛማጅ ዜናዎች» የሚያወጣ ሁለተኛ ሉፕ (ፖስቶችን አንድ በአንድ የሚያወጣ ኮድ) አለ፤ ሲያልቅ ግን ወደ ዋናው ፖስት አልተመለሰም። ከሉፑ ቀጥሎ «ሪሴት ፖስትዳታ» የሚባለውን ፋንክሽን ጥሩ። በዋጋው ፋንታ «አሬይ» (የዋጋዎች ዝርዝር) የሚል ቃል ከወጣ ደግሞ ዋጋውን ለሚያነበው «ጌት ፖስት ሜታ» ሦስተኛውን ግቤት «ትሩ» ማለት ረስታችኋል።

አንዳንዱ ፖስት ላይ ይታያል፣ አንዳንዱ ላይ ባዶ ነው

አማርኛ ሳይት የሚሠራ ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ በእንግሊዝኛ የሙከራ ጽሑፍ ፈጽሞ አይታይምና። የማጠቃለያ ፊልዱን «ሰብስትር» በሚባለው ፋንክሽን 100 ላይ ቆርጣችሁ ጽሑፉን ለገጹ ደኅና በሚያደርገው «ኢስክ ኤችቲኤምኤል» ውስጥ አስገብታችኋል እንበል። «ሰብስትር» የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፣ ክፍት ቦታው ግን 1። ስለዚህ መቁረጫው አንዳንዴ በሁለት ፊደላት መካከል፣ አንዳንዴ ደግሞ ፊደሉ መሀል ላይ ያርፋል። ፊደል ለሁለት ሲሰነጠቅ ጽሑፉ በሙሉ የተበላሸ ዩቲኤፍ-8 ይሆናል፤ «ኢስክ ኤችቲኤምኤል» ደግሞ የተበላሸ ጽሑፍ ሲደርሰው ባዶ ይመልሳል። የመጨረሻዋን ፊደል ብቻ ሳይሆን ሁሉንም! ኤረር የለም፣ ሎጉም ዝም ይላል። «ኤምቢ ሰብስትር» በፊደል ስለሚቆጥር ይፈታዋል፤ ለማጠቃለያ ግን ቃል ሳይቆርጥ የሚያሳጥረው «ትሪም ዎርድስ» የተሻለ ነው።

የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላም አለ፦ አማርኛው ቁጥር ሆኖ ይወጣል፤ በ«ሰ» ፋንታ «ዩ1230» ዓይነት ነገር። መረጃን ወደ ጄሰን (የጽሑፍ ቅርጽ) የሚቀይረው «ጄሰን ኢንኮድ» ፊደሉን ኋላ-ዝንባሌ ሰረዝ ባለው ኮድ ይቀይረዋል፣ የሚያስቀምጠው «አፕዴት ፖስት ሜታ» ደግሞ ሰረዙን ያስወግደዋል። ወደ ጄሰን መቀየሩን ተዉትና አሬዩን እንዳለ ስጡት፤ ዎርድፕሬስ ራሱ ያሽገዋል።

ብሎኩ አንዴ ይሠራል፣ ሲደገም ገጹን ይገድላል

ከዎርድፕሬስ 6.1 ጀምሮ ዳይናሚክ ብሎክ (ገጹ ሲከፈት በኮድ የሚዘጋጅ የገጽ ክፍል) ይዘቱን የሚያወጣ የራሱ «ሬንደር» ፋይል ሊኖረው ይችላል። ፋይሉ ብሎኩ በወጣ ቁጥር እንደገና ስለሚጫን፣ ውስጡ ስም ያለው ፋንክሽን ከጻፋችሁ ሁለተኛው ብሎክ ላይ «ይህ ፋንክሽን አስቀድሞ ተፈጥሯል» ይላችኋል። ፋንክሽኑን ወደ ፕለጊኑ ዋና ፋይል ውሰዱት።

አንቀጹ ከፊልዱ ጋር አልተሳሰረም

በ6.5 የመጣው ብሎክ ባይንዲንግ አንቀጽንና ምስልን ከሜታ ጋር ያለ ተጨማሪ ብሎክ ያገናኛል፤ ለቀላል ፊልድ እኔ ይህን እመርጣለሁ። እምቢ ካለ ሜታው ሲመዘገብ «ሾው ኢን ሬስት» (ለኤዲተሩ እንዲታይ የሚያደርገው ምርጫ) መብራቱን፣ ስሙ በአንደርስኮር (_) አለመጀመሩን፣ የራሳችሁ ፖስት ዓይነት ከሆነም «ከስተም ፊልድስ»ን መደገፉን ተመልከቱ። የሚረሳው ሦስተኛው ነው።

ዋጋው በቅደም ተከተል አይወጣም

900 ብር ከ1000 ብር በኋላ ከመጣ አደራደሩ እንደ ጽሑፍ ነው፤ በመደርደሪያው ትእዛዝ ውስጥ «ሜታ ቫልዩ»ን በ«ሜታ ቫልዩ ነም» ቀይሩ። «1,500» ብሎ በኮማ የሞላ ሰው ካለ ግን ዳታቤዙ 1 ብቻ ስለሚያነብ፣ ኮማውን ስታስቀምጡ አውጡት፣ ስታሳዩ መልሱት።