የደጋፊዎቻችንን ስምና ስልክ እንዴት እንደምንይዝ

ባለፈው ዓመት ከሰፈራችን ሱቅ ለውዝ ገዛሁ። በልቼ ስጨርስ የተጠቀለለበትን ወረቀት ልጥል ስል የስም ዝርዝር አየሁበት። የ11 ሰው ሙሉ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የሥራ ቦታና በየወሩ ሊሰጡ ቃል የገቡት ብር። ከላይ የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ማኅተም ግማሹ ይታያል። ተመልሼ ባለሱቁን ጠየቅሁት። «ወረቀት የምንገዛው በኪሎ ነው፤ ከየት እንደመጣ እኔ ምን አውቃለሁ» አለኝ። የቀሩትን ወረቀቶች ከፍዬ ይዣቸው ሄድኩ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በዚያ ድርጅት ተናድጄ አይደለም። እኔም በአንድ ትንሽ የአረጋውያን መርጃ ማኅበር የደጋፊ መዝገብ ያዥ ነኝ። የእኛስ አሮጌ ቅጽ የት ነው ያለው? መልሱን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያደረግነውን እንዳለ እነግራችኋለሁ። እንደ እኛ ሁለትና ሦስት ሠራተኛ ብቻ ላላቸው፣ የኮምፒውተር ባለሙያ ለሌላቸው ማኅበራት ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ መረጃው የት የት እንዳለ ፈልጉ

ለፍለጋ አንድ ሙሉ ቀን ስጡ። እኛ ቅዳሜ ዕለት ሦስት ሆነን ተቀመጥን፤ እኔ፣ ገንዘብ ያዣችንና አንዲት በጎ ፈቃደኛ። ጥያቄያችን አንድ ነበር፦ የአንድ ደጋፊ ስምና ስልክ የት የት ተጽፎ ይገኛል? ስንጀምር ሁለት ቦታ ብቻ መስሎን ነበር፤ መዝገቡና ኤክሴሉ። ሲመሽ ዘጠኝ ቦታ ደርሰን ነበር። የደረሰኝ ጥራዝ አለ። በሦስት ፍላሽ የተቀዳ የድሮ ኤክሴል አለ። ጉግል ፎርም አለ። ገንዘብ ያዡ ስልክ ውስጥ የስክሪንሾት ክምር አለ። የዋትስአፕ ግሩፕ አለ። ሥራ ከለቀቀች ሁለት ዓመት ያለፋት ልጅ ኢሜይል አለ። ቃል የተገባበት ቅጽ የታጨቀበት ካርቶንም አለ፤ እሱ የተገኘው ቁልፍ በሌለው የዕቃ ክፍል ውስጥ፣ ከሽንኩርቱ ጎን ነው።

እያንዳንዱን ቦታ ጻፉና ከጎኑ ሁለት ነገር አስፍሩ፦ ማን ይከፍተዋል? ለምን ያስፈልገናል? ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያጣችሁለት መረጃ መጥፋት አለበት። ፍላሾቹን የዚያኑ ዕለት አጸዳናቸው። የካርቶኑ ጉዳይ ረጅም ነው፤ እመለስበታለሁ።

ቅጹን አሳጥሩ

የድሮው ቅጻችን 14 ጥያቄ ነበረው። ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ሃይማኖት፣ የመሥሪያ ቤት ስም፣ የመታወቂያ ኮፒ ሳይቀር። ከየት እንደመጣ ስናጣራ፣ ከሌላ ድርጅት ቅጽ የተገለበጠ ሆኖ ተገኘ። የሰውን ሃይማኖት ጠይቀን ምን እንደምናደርግበት የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም።

አሁን አራት ነገር ብቻ እንጠይቃለን። በምን ስም እንመዝግብዎ? በየትኛው ስልክ እናግኝዎ? ዜናችንን እንላክልዎ? ስምዎ በአደባባይ ቢጠራ ይፈቅዳሉ? የመታወቂያ ኮፒ መውሰድ ሙሉ በሙሉ አቁመናል። በተለይ የፋይዳ ቁጥር ያለበትን ወረቀት ለብርድ ልብስ መዋጮ ብሎ መሰብሰብ ምንም ምክንያት የለውም።

«በምን ስም» ብለን የምንጠይቀው አውቀን ነው። እዚህ አገር መስጠቱ እንዲታወቅበት የማይፈልግ ሰው ብዙ ነው። «ወለተ ሚካኤል ብላችሁ ጻፉኝ» የሚሉ እናቶች አሉን። የክርስትና ስማቸው ነው፤ ጎረቤት አያውቀውም። በየረመዳኑ መጥቶ «ከአንድ የአላህ ባሪያ ነው በሉ» ብሎ ፖስታውን ሰጥቶን የሚሄድ ሰውም አለን። ድሮ እንዲህ ያሉትን «ግድ የለም፣ ዋናውን ስም ይንገሩን» እያልን እንለማመጥ ነበር። ልክ አልነበርንም። ኦዲተራችንን አማከርንና አሁን ደረሰኙ ላይ ሰጪው ያለንን ስም እንጽፋለን። ለመሥሪያ ቤቱ ወይም ለሌላ ጉዳይ በሕጋዊ ስሙ ደረሰኝ የሚፈልግ ሰው ራሱ ይነግረናል።

ሁለቱን ፈቃድ አትቀላቅሉ

«ዜናችሁን ላኩልኝ» ያለ ሰው «ስሜን ጥሩ» አላለም። ይህ የገባኝ ሰው ካስቀየምኩ በኋላ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ለፋሲካ አንዲት እናት 10,000 ብር አስገቡልን። የባንኩንም ስክሪንሾት በቴሌግራም ላኩልኝ። በጣም ነው ደስ ያለኝ፤ የበዓሉ በግ ገና አልተገዛም ነበርና። ስክሪንሾቱን እንዳለ ቻናላችን ላይ ለጠፍኩት። «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብዬም ጻፍኩበት። ሙሉ ስማቸውና የሂሳብ ቁጥራቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል። በማግሥቱ ደወሉልኝ። የባለቤታቸው ዘመዶች አይተውት ኖሮ ከጠዋት ጀምሮ በስልክ ወጥረው ይዘዋቸዋል። «ለማታውቂያቸው ሽማግሌዎች ይህን ያህል ካለሽ፣ ለእኛ ሲሆን የት ይጠፋል?» እየተባሉ። እኔ ላይ አልጮሁም። «ልጄ፣ እኔ እኮ የሰጠሁት በእኔና በእናንተ መካከል መስሎኝ ነው» አሉኝ። ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ። ገንዘብ ግን ከዚያ ወዲህ አልላኩም፤ እኔም ለመጠየቅ ፊት አጣሁ።

አሁን ስክሪንሾት ሲመጣ እንዲህ እናደርጋለን። ቀኑን፣ ልኩንና የዝውውር ቁጥሩን መዝገብ ላይ እናሰፍራለን። ገንዘቡ ባንክ መግባቱን እናረጋግጣለን። ከዚያ ምስሉን ከቻቱ እናጠፋዋለን፤ ከስልኩ ጋለሪም ጭምር። ቴሌግራም ምስል በራሱ ወደ ጋለሪ እንዳያወርድ ከሴቲንጉ መዝጋት ይቻላል፤ ዝጉት። ምስጋናውን ደግሞ በድምሩ እናቀርባለን፦ «በዚህ ሳምንት ከ12 ደጋፊዎች 34,500 ብር ደርሶናል።» ስሙ እንዲጠራ ቅጹ ላይ የፈቀደ ካለ ስሙን ብቻ እንጨምራለን። ልደታቸውን ከአረጋውያኑ ጋር ሊያከብሩ የሚመጡትንም ካሜራ ከመነሣቱ በፊት እንጠይቃለን፤ አረጋውያኑንም እንደዚሁ።

ቅጹ ላይ ያለውን ቃል ለሚፈልግ ይኸው፦ «ስምዎንና ስልክዎን የምንይዘው ደረሰኝ ለመስጠትና ፈቃድዎ ከሆነ ዜናችንን ለመላክ ብቻ ነው። ለሌላ ድርጅት አንሰጥም። ምን እንደያዝን መጠየቅ፣ ማሳረም ወይም ማሰረዝ ሲፈልጉ በዚህ ስልክ ይደውሉ።»

ዝርዝሩ ራሱ ይናገራል

ይህን ጠበቅ አድርጌ ማለት እፈልጋለሁ። በእኛ አገር የስም ዝርዝር ብቻውን ብዙ ነገር ያሳብቃል። ከስም ተነሥቶ ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ የትውልድ አካባቢን የሚገምት ሰው አይጠፋም። ለአንድ አካባቢ ተፈናቃዮች ብርድ ልብስ ያዋጡ ሰዎች ዝርዝር ክፉ እጅ ቢገባ የብርድ ልብስ ዝርዝር ሆኖ አይቀርም። ለዚህ ነው ለየት ላለ ዘመቻ የሰጡትን ለብቻ የምንይዘው፤ ሥራው ሲያልቅ ስሙን አጥፍተን ድምሩን ብቻ እናስቀራለን።

ዐረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶችም ይልኩልናል። አንዷ «አሠሪዬ እንዳታይብኝ መልእክት አትላኩልኝ፤ እኔው እደውላለሁ» አለችን። በስሟ አንጻር «አይላክ» የሚል ቀይ ምልክት አለ። እንዲህ ያለ ምልክት የሚደረግበት ዓምድ መዝገባችሁ ላይ ከሌለ ዛሬውኑ ጨምሩ።

ማን ይየው?

ጉግል ሺት ላይ ዝርዝር ካላችሁ የማጋሪያውን ቦታ አሁን ክፈቱና እዩት። «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚል ከሆነ ሊንኩ የደረሰው ማንም ሰው ያነበዋል። በስም ለተጠቀሱ ሰዎች ብቻ አድርጉት። እኛ ጋር ሦስት ሰው ነው የሚያየው። ሥራ የለቀቀ ሰው በለቀቀበት ቀን ይወጣል፤ ቂም ኖሮን አይደለም፣ ይህንንም እየነገርን ነው የምናስወጣው።

ደጋፊዎችን በሙሉ አንድ የዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ መጨመር ትልቅ ስህተት ነው። የእያንዳንዱ ስልክ ቁጥር ለሁሉም ይታያል። የቴሌግራም ቻናል ይሻላል፤ ተከታዮቹ እርስ በርስ አይተያዩም። ለብዙ ሰው ኢሜይል ስትልኩም አድራሻዎቹን ሁሉ በስውሩ መስመር (BCC በሚለው) አስገቡ።

«ዝርዝራችሁን አካፍሉን፣ እኛም የእኛን እንሰጣችኋለን» የሚሉ ድርጅቶች ይመጣሉ። ሥራቸው መልካም ስለሆነ እምቢ ማለት ይከብዳል። እኛ ግን እምቢ እንላለን። ኦሊቭ ኩክ የሚባሉ የእንግሊዝ አገር ሴት ነበሩ። በብሪስቶል ከተማ ለአርበኞች መርጃ የወረቀት አበባ በመሸጥ ዕድሜያቸውን አሳልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በ92 ዓመታቸው ካረፉ በኋላ ጉዳያቸው ሲጣራ 99 በጎ አድራጎት ድርጅቶች ስማቸውን ይዘው ተገኙ። ከእነዚህ 24ቱ ለሌሎች አሳልፈው ሰጥተዋል። በአንድ ዓመት ብቻ 466 የልመና ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ቤተሰባቸው ለሞታቸው ምክንያቱ ይህ ነው አላሉም። እኔ ግን ያን ሁሉ ደብዳቤ በር ላይ ተደርድሮ ሳስበው የራሳችን እናቶች ፊት ይመጣብኛል። ስለዚህ ለሚጠይቁን ድርጅቶች «መልእክታችሁን ስጡን፣ ቻናላችን ላይ እናወጣላችኋለን፤ የፈለገ ራሱ ይደውልላችሁ» እንላለን።

በስልክ ደውሎ «ከእንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ነኝ፣ ዝርዝሩን ላኩ» የሚል ሰው ሲያጋጥም መልሱ አንድ ነው፦ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ። ደብዳቤው ሲመጣ ቦርዱ ያየዋል።

ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ

ባለፈው ክረምት የገንዘብ ያዣችን ስልክ ታክሲ ሰልፍ ላይ ተነጠቀ። መጀመሪያ ሲሙን በኢትዮ ቴሌኮም አዘጋን። ቀጥለን ከቢሮው ኮምፒውተር ቴሌግራም ከፍተን በዚያ ስልክ ላይ ያለውን አካውንት አስወጣነው። ይህ የሚቻለው አካውንቱ ቀድሞ ሌላ ዕቃ ላይም ተከፍቶ ከነበረ ነው። ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃልም ነበረው፤ ባይኖረው ኖሮ ጉዳቱ ይብስ ነበር። ከዚያ ለ40 ደጋፊዎች አንድ በአንድ ደወልን። «ስልካችን ተሰርቋል። በእኛ ስም ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ቢደርስዎ አይላኩ። የሂሳብ ቁጥራችን አልተቀየረም።» ደብቀን ብናልፈው ይቀለን ነበር። ግን አንዱ ደጋፊ በማግሥቱ እንዲህ ያለ መልእክት ደርሶት አሳየን። ስለደወልንለት ነው ያልተታለለው።

ሕጉም ዝም ማለትን አይፈቅድም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የግል መረጃ የሚይዝን ሁሉ ይመለከታል። ለትርፍ የማይሠራ መሆን ከዚህ አያድንም። የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ መረጃ ሲያፈተልክ በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅን ያዛል። ሃይማኖትና ብሔር የመሳሰሉትን ደግሞ በተለየ ጥንቃቄ ከሚያዙት መረጃዎች ይመድባቸዋል። አዋጁን አትመን ጠረጴዛችን ላይ አስቀምጠነዋል። ጀርመን ወይም ሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር የተመዘገበ ቅርንጫፍ ያላችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው የኅብረቱ የመረጃ ጥበቃ ሕግ አለባችሁ። እዚያ ያሉትን አባላት አማክሩ።

በጳጉሜ ማጽዳት

አሁን ወደ ካርቶኑ። አሮጌ መረጃ የማጥፊያ ቀን ቀጠሮ ካልተያዘለት መቼም አይደርስም። እኛ ጳጉሜን መረጥን። ቢሮው ቀዝቀዝ ይላል፤ ሰውም ቤቱን የሚያጸዳበት ጊዜ ነው። ከኦዲተራችን ጋር የምናስቀምጠውንና የምናስወግደውን ለየን። የደረሰኝ ጥራዝ አይነካም፤ ለሂሳብ ይፈለጋል፤ እሱ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ገባ። የቃል መግቢያ ቅጾቹ ግን፣ አንዳንዶቹ የሞቱ ሰዎች ናቸው፣ አንዳንዶቹ ከዓመታት በፊት አቁመዋል። ኤክሴሉ ላይም ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፃቸው ያልተሰማ ደጋፊዎችን አንድ ጊዜ ደውለን ጠየቅን፤ «ይቅር» ያሉትንና ያላገኘናቸውን ሰረዝን።

ወረቀት በኪሎ አንሸጥም። ቀድዶ ቆሻሻ ውስጥ መጣልም አይበቃም። ጳጉሜ 3 ቀን ካርቶኑን ወደ ኩሽና ይዘን ወረድን። ወጥ ቤታችን የአረጋውያኑን እንጀራ የምትጋግረው በእንጨት ነው። ቅጾቹን እየቆጠርን ሰጠናት፤ እሷም ምጣዱ ሥር አስገባቻቸው። 312 ቅጽ ነበር። ቀኑን፣ ቁጥሩንና የነበርነውን ሦስት ሰዎች ስም በአንድ ገጽ ጽፈን ፈረምን። ገጹ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከደረሰኞቹ ጋር ተቀምጧል።