በአሜሪካ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ለሚያሳድጉ እናቶች፦ የደመወዝ ጭማሪን ከመቀበል በፊት የሚሠራ ሒሳብ

በአሜሪካ ስለ ድህነት በተነሣ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ልጆቿን ብቻዋን በምታሳድግ እናት ላይ ነው። ሮናልድ ሬገን እ.ኤ.አ. በ1976 የምርጫ ቅስቀሳቸው መንግሥትን እያጭበረበረች ትንደላቀቃለች ያሏትን አንዲት የቺካጎ ሴት ታሪክ በየመድረኩ ሲያወሩ ከቆዩበት ጊዜ ጀምሮ፣ አንዱ ወገን ድጎማ ሰውን ያሰንፋል ሲል ሌላው ጥፋቱን ሁሉ ለሥርዓቱ ይሰጣል። እናትየዋ የደመወዝ ጭማሪ ሲቀርብላት ምን ማስላት እንዳለባት የሚነግራት ግን ከሁለቱም ወገን እምብዛም አይገኝም፤ ይህ መመሪያ የሚያተኩረው በዚሁ ስሌት ላይ ነው።

በቅድሚያ የሚቀበሏቸውን ድጋፎች ለያይተው ይጻፉ። ብዙ ሰው ሁሉንም ዌልፌር ብሎ ቢጠራቸውም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ታንፍ የሚባለው የጥሬ ገንዘብ ድጋፍ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው፣ የግል ኃላፊነትን በስያሜው ውስጥ ባካተተው ሕግ ሲሆን፣ አንድ አዋቂ በፌዴራል ገንዘብ የሚረዳበትን ጊዜ በዕድሜ ልኩ በጠቅላላው በ60 ወራት ይገድባል፤ ከዚህ ያነሰ ገደብ ያወጡ ክፍለ ግዛቶችም አሉ። ፉድ ስታምፕ (የምግብ መግዣ ድጋፍ)፣ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የጤና ሽፋን) እና ሴክሽን ኤይት (የቤት ኪራይ ድጎማ) በዚህ የ60 ወር ቆጠራ ውስጥ አይገቡም። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ፦ የታንፍ ክፍያው በደመወዝዎ ምክንያት ተቀንሶ ጥቂት ዶላር ብቻ ቢቀርም፣ ያ ወር እንደ ሙሉ ወር ይቆጠራል። ሥራ ይዘው የሚቀበሉት ገንዘብ ይህን ያህል ካነሰ፣ ታንፉን በፈቃድዎ አዘግተው የቀሩትን ወራት ለክፉ ቀን ማቆየት አብዛኛውን ጊዜ ብልህነት ነው። ከማዘጋትዎ በፊት ግን የሕፃናት ማቆያ ድጎማው እንደሚቀጥል፣ ፉድ ስታምፑና ሜዲኬይዱም አብረው እንደማይቋረጡ ጉዳይዎን ከሚከታተለው የድጎማ ቢሮ ሠራተኛ (ሶሻል ወርከር) በጽሑፍ ማረጋገጫ ይቀበሉ። ደመወዝ በመጨመሩ ምክንያት ሜዲኬይድ የሚቋረጥባት ወላጅ እስከ 12 ወር የሚደርስ የመሸጋገሪያ ሽፋን ልታገኝ ስለምትችል ይህንንም አብረው ይጠይቁ።

ቀጥሎ ጭማሪው ራሱ ይሰላል። ሁለት ልጆች ያሏት፣ በሴክሽን ኤይት የምትኖር፣ ፉድ ስታምፕ የምትቀበልና በዓመት 26,000 ዶላር ገደማ የምታገኝ እናት በወር 200 ዶላር ተጨመረላት እንበል። የቤት ኪራይ ድርሻዋ ከተጣራ ገቢዋ 30 በመቶ ስለሆነ በ60 ዶላር ያድጋል። ፉድ ስታምፑ ከደመወዙ ላይ 20 በመቶ ተቀናሽ ተደርጎ ከቀሪው 30 ሳንቲም በዶላር ስለሚቀንስ 50 ዶላር ገደማ ይጎድላል። ዝቅተኛ ደመወዝ ላላቸው ሠራተኞች ዓመቱ አልቆ ታክስ ሲያስገቡ የሚሰጠው የገቢ ግብር ተመላሽ በዚህ የገቢ እርከን ላይ በ21 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ 42 ዶላር ይወስዳል፤ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት ጡረታ) እና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የጤና መድን) ደግሞ 15 ዶላር ይቆረጣል። ከ200 ዶላሩ እጇ ላይ የሚቀረው 33 ዶላር ገደማ ነው። ጭማሪው የመጣው የሥራ ሰዓት በመጨመሩ ከሆነ፣ የሕፃናት ማቆያው ተጨማሪ ክፍያ ብቻውን ይህን ሊበላው ይችላል።

ይህን ቆጥራ ጭማሪውን እምቢ ያለችን እናት ሰነፍ ማለት የራስን ስንፍና ማጋለጥ ነው፤ እንዲህ ያለ ቅናሽ ሀብታም ቢደርስበት የግብር አማካሪውን በነጋታው ይጠራ ነበር። ይሁን እንጂ እኔ እምቢ እንዲሉ አልመክርም። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የሚገኘው በአብዛኛው በ10 ዓመት ሥራ በሚሞላ 40 ክሬዲት ነው፤ የጡረታው መጠንም የሚሰላው ከተመዘገበ ደመወዝ እንጂ ከድጎማ አይደለም። ስለዚህ ጭማሪውን የሚቀበሉበትን ቅደም ተከተል ያስተካክሉ።

ለዚህም ሴክሽን ኤይትን የሚያስተዳድረው የቤት ጉዳይ ቢሮ ፋሚሊ ሰልፍ ሰፊሸንሲ የሚባለውን ፕሮግራም ያካሂድ እንደሆነ ይጠይቁ። በፕሮግራሙ የተመዘገበ ቤተሰብ ደመወዙ በመጨመሩ ምክንያት ኪራዩ ሲያድግ፣ ቢሮው በዚያ ጭማሪ ልክ የሚሰላ ገንዘብ በስሙ በተከፈተ የቁጠባ ሒሳብ ያስቀምጥለታል። ውሉ በመነሻው የ5 ዓመት ሲሆን፣ የገባቻቸውን ግዴታዎች ፈጽማ በመጨረሻ ላይ የጥሬ ገንዘብ ድጎማ የማትቀበል እናት ገንዘቡን ትወስዳለች። መነሻው የሚሰላው ውሉ ሲፈረም ባለው ገቢ ስለሆነ፣ ከጭማሪው በፊት መፈረምና በኋላ መፈረም ልዩነቱ ብዙ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ በኪራይ መልክ የሄደው 60 ዶላር ውሉ ቀድሞ ከተፈረመ በቁጠባ መልክ ይመለሳል ማለት ነው።

የልጆቹ አባት የሚከፍለው ቀለብም በዚሁ ስሌት ውስጥ ይገባል። ታንፍ የምትቀበል እናት ቀለብ የመጠየቅ መብቷን ለክፍለ ግዛቱ ታስተላልፋለች፤ የሚሰበሰበውን ክፍለ ግዛቱ በሙሉ ወይም በከፊል ለራሱ ያስቀራል። ታንፉ ሲዘጋ ግን በየወሩ የሚከፈለው ቀለብ ወደ እርሷ ይመጣል። አባትየው ሲከፍል ከቆየ፣ ታንፉን የማዘጋቱ ውሳኔ ከዚህ የተነሣ ብቻ ሊቀየር ይችላል። ደብዳቢ ከሆነና ቀለብ መጠየቁ ለእናቲቱ ወይም ለልጆቹ አደጋ የሚያመጣ ከሆነ፣ በበቂ ምክንያት ከትብብር ግዴታው ነፃ እንድትደረግ ማመልከት ትችላለች።

ጭማሪው ሲጀምር በጊዜው ያሳውቁ፤ የተደበቀ ገቢ ከተገኘ ትርፍ የተከፈለው ሁሉ ይመለሳል፣ ክስም ሊያስከትል ይችላል። ድጋፍ እንደሚቀነስ የሚገልጽ ደብዳቤ ሲደርስዎ ሁለት ቀኖች ይፈልጉ፦ ደብዳቤው የተጻፈበትንና ቅነሳው የሚጀምርበትን። ስሌቱ ስሕተት መስሎ ከታየዎት ቅነሳው ከመጀመሩ በፊት ይግባኝ ካስገቡ፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ድጋፉ በነበረበት እንዲቀጥል መጠየቅ ይችላሉ፤ ከተሸነፉ ግን በመሐል የተከፈለውን እንዲመልሱ ሊጠየቁ ይችላሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1970 ጎልድበርግ በኬሊ ላይ በተባለው መዝገብ የወሰነው የጥሬ ገንዘብ ድጎማ ያለ ቅድሚያ የመሰማት ዕድል እንዳይቋረጥ ነው። ፖስታውንም አይጣሉት፣ ደብዳቤው ዘግይቶ ከተላከ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ማስረጃ ይሆንዎታል።

ታክስ ፋይል ማድረግን በተመለከተ፣ ያለፉትን ዓመታት ያላስገቡ ከሆነ ተመላሹን እስከ 3 ዓመት ድረስ ወደ ኋላ መጠየቅ ይቻላል። ቪታ በሚባለው ፕሮግራም በነፃ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች እያሉ ለግል ታክስ ሠሪ መቶዎች ዶላር መክፈል አያስፈልግም። ተመላሹ በፌዴራል ድጎማዎች ዘንድ እንደ ገቢ አይቆጠርም፣ ባንክ ቢያስቀምጡትም እስከ 12 ወር እንደ ሀብት አይታይም። ኪራዩና ፉድ ስታምፑ ጭማሪው በተነገረ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲለወጡ የግብር ተመላሹ ቅናሽ የሚታየው በሚቀጥለው ዓመት ስለሆነ፣ ጭማሪው ከመጀመሩ በፊት ከሚደርስዎት የመጨረሻ ትልቅ ተመላሽ ላይ ከፊሉን ያንን ጉድለት ለመሸፈን ያስቀምጡ።